ወደ ግሪፊዝ ጉልላት በእግር

የሎስ አንጀለሱ የሰማይ መመልከቻ፣ ግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ፣ የቆመበት ሸንተረር ከባሕር ወለል በላይ 346 ሜትር ብቻ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልዶ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን አፍ ሞልቶ ተራራ ለማለት ይከብደዋል። ከሥሩ ቆሞ ሽቅብ ላየው ግን ነገሩ ይለወጣል። የሎስ አንጀለስ ሜዳ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ ተንጣልሎ፣ ሰሜን ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ብሎ ይነሣል። በቡናማው ተዳፋት ላይ፣ ከቁጥቋጦው በላይ፣ ሦስት የመዳብ ጉልላት ያለው ነጭ ሕንፃ ተቀምጧል። ከከተማው ብዙ ጎዳናዎች ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። ሊገባበት የፈለገም ሁሉ ይገባበታል፤ መግቢያው በነጻ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከእትዬ ጋር ወጣሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እትዬ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ሎስ አንጀለስ የኖሩበት ዘመን አዲስ አበባ ከኖሩበት ይበልጣል። አረጋውያንን በየቤታቸው ሲያስታምሙ ኖረው ጡረታ እንደወጡ፣ ሐኪማቸው ስኳራቸውን አይቶ በእግር መሄድ አዘዘላቸው። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር ጠዋት ጠዋት ይህን መንገድ ይወጣሉ። መገናኛቸው ፌርፋክስ ጎዳና ነው፤ በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል ያለው፣ ከተማው በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሠፈር። ከዚያ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ኮረብታውን ይወጣሉ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይመለሳሉ። ኦብዘርቫቶሪው በሩን ሲከፍት እነሱ ቤታቸው ገብተዋል። ማታ መጥተው አያውቁም ነበር።

«እኛ የምንወጣው ለእግራችን ነው፤ ለዓይናችን ያዘዘልን የለም» አሉኝ።

ልጃቸው ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ፈርን ዴል በሚባለው የግሪፊዝ ፓርክ መግቢያ አድርሶን ወደ ሥራው ሄደ። ፈርን ዴል በደረቅ አገር መካከል የተደበቀ እርጥብ ሸለቆ ነው። ትንሽ የምንጭ ውሃ ይፈስስበታል፤ ግራና ቀኙን ፈርን የሚባለው ተክል ሞልቶታል፤ ትልልቅ ዛፎች ከላይ ገጥመውበት ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ጥላው ሲያልቅ መንገዱ ሰፊ የአፈር መንገድ ይሆንና መውጣት ይጀምራል። እስከ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡም የከፋ አይደለም። ድንጋይ መቧጠጥ የለበትም፣ ገደል የለበትም። ሕፃን ያዘለ ይወጣዋል፤ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ይወጣዋል።

እትዬ የአወጣጥ ሕግ አላቸው፦ ወሬ እስኪቋረጥ ድረስ አይፈጠንም። ትንፋሽ ካጠረ ወሬው ይቋረጣል፣ ወሬው ከተቋረጠ መንገዱ ይረዝማል። በየመታጠፊያው ቆም ይላሉ። ቆም ባልን ቁጥር ከተማው ትንሽ ሰፍቶ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታየናል። ከመንገዱ ዳር ግራጫማ ቅጠል ቀንጥበው፣ በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫዬ አቀረቡ። «እስቲ እየው። ጦስኝ ጦስኝ አይልም?» በእርግጥ ይላል። ጦስኝ አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ተራሮች የራሳቸው የዱር ቁጥቋጦ ነው። ባሕር ዛፍ ግን በፓርኩ ውስጥ የእውነት አለ። ለካሊፎርኒያም ለኢትዮጵያም ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ፣ በዚያው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ነው፤ በእኛ በኩል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ለአዲሲቱ ከተማ ማገዶ ሲጠፋ። እትዬ ነፋሱ ያንን ሽታ ሲያመጣላቸው ስለ እንጦጦ ያወራሉ፤ ቅጠል ተሸክመው ስለሚወርዱት ሴቶች፣ በልጅነታቸው ወደ ማርያም ስለወጡበት አቀበት።

ከፍ እንዳልን ስለ ፒ-22 ነገሩኝ። ፒ-22 ፑማ ነው፤ እዚያ የተራራ አንበሳ ይሉታል። በ2012 እዚሁ ፓርክ ውስጥ በተተከለ ካሜራ ታየ። ከምዕራብ፣ ከሳንታ ሞኒካ ተራሮች ተነሥቶ፣ መኪና የማይቋረጥባቸውን ሁለት አውራ ጎዳናዎች ተሻግሮ ነበር የመጣው። አሥር ዓመት ያህል ከተማ በከበበው ኮረብታ ላይ ጥንድ ሳያገኝ ብቻውን ኖረ። በ2022 ታኅሣሥ፣ ታምሞና ተጎድቶ ስለነበር፣ ሐኪሞች ሊያድኑት እንደማይችሉ አይተው እንዲያርፍ አደረጉት። ከተማው በሙሉ አለቀሰለት ማለት ይቻላል። «ያንን ሁሉ አስፋልት ተሻግሮ መጥቶ፣ ዘመድ የለው፣ ወገን የለው» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። እኛ በወጣንበት ጊዜ ከፓርኩ በስተ ምዕራብ ርቆ፣ 101 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ የዱር እንስሳት የሚሻገሩበት ድልድይ እየተሠራ ነበር። ለእሱ አልደረሰለትም።

ኮረብታው ሌላም ሐዘን አለበት። ጥቅምት 3 ቀን 1933፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በፓርኩ በሌላኛው ወገን በተነሣ እሳት ቢያንስ 29 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ሥራ አጥ ሆነው፣ ከመንግሥት በተሰጠ የዕለት ሥራ ቁጥቋጦ ሲመነጥሩ የነበሩ ናቸው፤ እሳት ማጥፋት ያስተማራቸው አልነበረም። የኦብዘርቫቶሪው ግንባታ ከተጀመረ ገና ጥቂት ወራት ነበር።

ሕንፃው ስሙን ያገኘበት ሰው ታሪክም ቀላል አይደለም። ግሪፊዝ ጄንኪንስ ግሪፊዝ በ1850 ዌልስ ውስጥ ተወለደ፤ በልጅነቱ አሜሪካ ተሻገረ፤ በማዕድን ሥራና በመሬት ከበረ። በ1896 ታኅሣሥ ከ12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ይህን መሬት የገና ስጦታ ብሎ ለከተማው ሰጠ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ሳንታ ሞኒካ ባለ ሆቴል ውስጥ ሚስቱን ክርስቲናን ተኮሰባት። በድብቅ መጠጥ የታወከ አእምሮው ልትመርዘኝ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ሴትዮዋ በመስኮት ዘልላ አመለጠች፤ ነፍሷ ተረፈ፣ አንድ ዓይኗ ግን ጠፋ። እሱ ሁለት ዓመት ገደማ ታስሮ ወጣ።

በ1912 ግሪፊዝ በዚህ ኮረብታ ላይ ኦብዘርቫቶሪ ይሠራበት ብሎ 100,000 ዶላር ለከተማው አቀረበ። የእሱን ገንዘብ መቀበል ብዙዎችን ጎረበጣቸው፤ ነገሩ በክርክር ተጓተተ። በ1919 ሲሞት ገንዘቡን በኑዛዜ ተወው። ይህን ሐሳብ የተከለበት ነገር በሰሜን ምሥራቅ ያለው የዊልሰን ተራራ ነው። እዚያ ወጥቶ በ1908 ሥራ በጀመረው፣ በዘመኑ በዓለም ትልቁ በነበረው ቴሌስኮፕ ሰማይን አየ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ይህን ቢያይ ዓለም ሌላ ትሆን ነበር የሚል እምነት ያዘው። የዊልሰን ተራራ የሳይንቲስቶች ነበር። ግሪፊዝ የፈለገው የመንገደኛ፣ የሠራተኛ፣ የተማሪ የሆነ ቦታ ነው፤ ከከተማው በቅርብ፣ ከፍ ያለ፣ መግቢያው ሳይከፈልበት።

ይህን ታሪክ ለእትዬ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። «ሴትዮዋስ? በስሟ ምን ተሠራላት?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያንን ቦታ ስወድደው ክርስቲናን አብሬ አስባለሁ። ስጦታው መልካም ስለሆነ የሰጪው እጅ ንጹሕ ነበር አይባልም፤ የሰጪውን እጅ አይቶ ደግሞ በሩን መዝጋት ኮከብ ሊያይ የመጣውን ልጅ መከልከል ይሆናል። ከተማው ሲከራከር የኖረው በዚህ ነው። እኔ በመጨረሻው ፍርዱ እስማማለሁ። ሕንፃው ግንቦት 14 ቀን 1935 ተከፈተ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ላይ ደረስን። ከፊት ለፊት ሣር አለ፤ በሣሩ መካከል በ1934 የተመረቀው የስድስት ሰማይ ተመራማሪዎች ሐውልት፦ ሂፓርኩስ፣ ኮፐርኒከስ፣ ጋሊሊዮ፣ ኬፕለር፣ ኒውተን፣ ሄርሸል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ሸንተረሩ ላይ በፊልም የታወቀው የሆሊውድ ጽሑፍ አለ። ሰው ሁሉ እሱን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሣል። እኔ ግን ዓይኔን የያዘው በበሩ በኩል የተሰለፈው ሰው ነው። ጥቁር ካባ የለበሱ አይሁዳውያን ከነልጆቻቸው፣ የሜክሲኮ አያት በተሽከርካሪ ወንበር፣ የሥራ ልብሳቸውን ያላወለቁ ወጣቶች፣ የትምህርት ቤት ልጆች። አማርኛም ሰማሁ፤ ሁለት ጎረምሶች ስለ ሳተርን ይከራከሩ ነበር።

ፀሐይ በውቅያኖሱ በኩል ጠለቀች። ደቡብ ምዕራብ ላይ ቬነስ ወጣች። ጎሕ ሲቀድ ስትወጣ አጥቢያ ኮከብ የምንላት እሷው ናት፤ በዚያ ወር የምትታየው ግን በምሽት ነበር። ወዲያው ደግሞ ታች ያለው ከተማ በራ። እንዲህ ያለ የመብራት ሜዳ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎች እስከ አድማስ ድረስ ይዘልቃሉ። ውብ ነው። ከዋክብትን የሰወረውም እሱ ነው። ከዚያ ብርሃን ወደ ላይ የሚባክነው ሰማዩን ያነጣዋል፤ ፍኖተ ሐሊብ ከሎስ አንጀለስ አይታይም።

ጥር 17 ቀን 1994፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከ31 ደቂቃ ላይ፣ ኖርዝሪጅ የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማውን መታና መብራት ጠፋ። ሰው በሌሊት ልብሱ ወደ ውጭ ሮጠ፤ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ እየደወሉ ስለ እንግዳው ሰማይ የጠየቁ ሰዎች እንደነበሩ ከ1974 ጀምሮ ኦብዘርቫቶሪውን የመሩት ኤድ ክሩፕ ተናግረዋል። ያዩት ሁልጊዜ እዚያው የነበሩትን ከዋክብት ነው። እትዬ ያን ሌሊት ያስታውሱታል። ጎረቤቶቻቸው ሲደነግጡ እሳቸው ሰማዩን አይተው የጎጃም አያታቸው ቤት ደጃፍ ትዝ እንዳላቸው ነገሩኝ። «ምድር ስትናወጥ ሰማዩ የአገሬ ሰማይ ሆነ» አሉ።

የከዋክብት በመብራት መጋረድ እኛንም ይነካናል። አዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት በርታለች፤ ለደኅንነትም ለሥራም መልካም ነው። ነገር ግን በልጅነቴ መብራት ሲጠፋ ከግቢ ወጥተን የምናየው ሰማይ ዛሬ ከመሀል ከተማው ሲታይ ሳስቷል። መብራቱን ወደ መሬት የሚያጎነብስ ክዳን ማድረግ፣ ማንም በሌለበት ሰዓት ማደብዘዝ ብዙ ወጪ የለውም። ይህን ሰዓቱ ሳያልፍ የሚያስብ ከተማ ሰማዩን ያተርፋል።

ወደ ውስጥ ገባን። በመግቢያው ጉልላት ሥር 240 ፓውንድ፣ ማለትም 109 ኪሎ ያህል የሚመዝን የነሐስ ኳስ ከ12 ሜትር በሚበልጥ ሽቦ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የፉኮ ፔንዱለም ነው። ኳሱ አቅጣጫውን አይለውጥም፤ ከሥሩ ያለችው ምድር ትዞራለች። በዙሪያው የተተከሉ ትንንሽ እንጨቶች አሉ፤ ምድር በዞረች ቁጥር ኳሱ አንዱን ደርሶበት ይጥለዋል። ልጆች እንጨቱ እስኪወድቅ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ሲወድቅ ይጮሃሉ። እኔ ከልጆቹ ኋላ ቆሜ ሌላ ሒሳብ ያዝኩ። ዙሩ የሚፈጀው ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል። ሎስ አንጀለስ ከምድር ወገብ 34 ዲግሪ ስለምትርቅ ሙሉ ዙሩ 43 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያንኑ ኳስ አዲስ አበባ፣ 9 ዲግሪ ላይ ብንሰቅለው፣ ከስድስት ቀን በላይ ይወስድበታል። በምድር ወገብ ላይ ጭራሽ አይዞርም። ያችው ምድር ናት፤ ከቆምንበት ቦታ ግን አዟዟሯ ለየቅል ይታያል።

የሰሜን ኮከብም እንዲሁ ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ 34 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ግን 9 ዲግሪ ብቻ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ዝቅ ብሎ ነው። በደቡብ በኩል በምላሹ የደቡብ መስቀልን እናያለን፤ ሎስ አንጀለስ አያየውም። ወደ ምድር ወገብ የቀረበ አገር የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያያል። ይህ ለኢትዮጵያ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ በገንዘብ አይገዛም።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ የምሥራቁ ጉልላት ተከፈተ። በውስጡ ያለው ቴሌስኮፕ ጀርመን ውስጥ ዛይስ የተባለው ድርጅት የሠራው፣ የሌንሱ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከ1935 ጀምሮ እዚያው ያለ ነው። ለዘመኑ ምርምር ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዓይናቸውን አድርገውበታል፤ ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው ያየበት ቴሌስኮፕ በዓለም ላይ የለም ይባላል። ማንም ተራ ይዞ፣ ሳይከፍል፣ ስሙ ሳይጠየቅ ያያል። ሰልፉ በጣሪያው ላይ ይጠመዘዛል፤ ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን «ምን አየህ?» ይለዋል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ይነጋገራሉ። ነፋሱ በርትቶ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ አደረጉ።

ተራችን ደረሰ። ተረኛዋ ወጣት ትንሿን መሰላል አስተካከለችላቸው። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አስጠጉ። ዝም አሉ። ከዚያ በአማርኛ «ሥዕል ነው እንዴ ያስቀመጡበት?» አሉኝ። ተረጎምኩላት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ብዙ ሰው እንደዚያ እንደሚል ነገረችን፤ ከዚያም ትንሽ ዝም ብለው እንዲያዩት ለመነቻቸው። ምስሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ የምድር አየር በላዩ ሲያልፍ፣ እትዬ ሥዕል እንዳልሆነ ገባቸው። ሳተርን ነበር። በዚያ ዓመት ቀለበቱ በጣም ቀጥኗል፤ በየ15 ዓመቱ ገደማ ጠርዙን ወደ ምድር ያዞራል፣ ያ ጊዜ ሊደርስ አራት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። በትንሹ ቢጫ ክብ ወገብ ላይ ስስ መስመር ሆኖ ይታያል። ዓይናችን ውስጥ የገባው ብርሃን ከዚያ ከተነሣ አንድ ሰዓት ከሩብ አልፎታል፤ ኮረብታው ላይ ደርሰን ስንቀመጥ እሱ ገና አልተነሣም ነበር።

ፎቶውን በስልክ ከዚህ በላቀ ጥራት ማየት ይቻላል፤ ይህን የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ልዩነቱን ለማስረዳት ረጅም ነገር አያስፈልገኝም፤ የእትዬን ፊት አይቻለሁ። ከመሰላሉ ሲወርዱ ልጅቷን እጇን ይዘው መረቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለሄኖክ ብርሃናቱን ያሳየው ዑራኤል ነው። ላንቺም ዑራኤል ይቁምልሽ በላት» አሉኝ።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል የሰማይ ትምህርት ነው፦ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ በስድስት ትገባለች፤ ቀንና ሌሊት ተመዝነው ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ፤ ይህን ሁሉ መልአኩ እያመለከተ ለሄኖክ ያሳያል። አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብን ሲቀምሩ፣ የጾምና የበዓልን ቀን ከፀሐይና ከጨረቃ ዙር ሲያወጡ የኖሩት በዚህ መንፈስ ነው። የዛሬው ሳይንስ በሮቹን በሌላ ሒሳብ ተክቷቸዋል። ያወቀው ላላወቀው በጣቱ እያመለከተ ማሳየቱ ግን እዚያ ጣሪያ ላይም አለ።

ከጉልላቱ ወጥተን ወደ ሰሜን አየን። የከተማው ብርሃን ያላሸነፋቸው ጥቂት ከዋክብት ነበሩ፤ ከነሱ አምስቱ የካሲዮፔያ ናቸው። በግሪኮች ተረት ካሲዮፔያ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ ንጉሡ ኬፌውስ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር በጠቅላላ ነበር፤ ያም ሆኖ የእኛ ስም ከሦስቱም ጋር ሰማይ ላይ ወጥቶ ቀርቷል። እነዚህን ስሞች ለእትዬ ስነግራቸው በጣቴ የዊልሰንን ተራራ እያሳየሁ ነበር፤ በሌሊት የአንቴናዎቹ ቀይ መብራት ከሩቅ ይታያል።

በዚያ ተራራ ላይ በ1923 ጥቅምት፣ ኤድዊን ሃብል በ2.5 ሜትሩ ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳ ውስጥ ያለችውን ጭጋግ የመሰለች ብርሃን ፎቶ ሲያነሣ፣ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ኮከብ አገኘ። እንዲህ ያሉ ከዋክብት ሴፊድ ይባላሉ፤ መጠሪያቸውን ያገኙት በኬፌውስ ኅብረ ከዋክብት ካለው ኮከብ ነው። ሄንሪየታ ሌቪት የተባለችው የሃርቫርድ ተመራማሪ ቀደም ብላ የነዚህ ከዋክብት ከፍ ዝቅ የሚሉበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ብርሃናቸው እንደሚበረታ አግኝታ ነበር። ሃብል በእሷ ሕግ ርቀቱን ሲለካ፣ ያ ጭጋግ ከእኛ ጋላክሲ እጅግ ርቆ ያለ ሌላ ጋላክሲ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል እንደሆነ ይታወቃል። የዓለማችን ስፋት የተገለጠው፣ በተረቱ ቋንቋ፣ በኢትዮጵያው ንጉሥ ኮከብ በልጁ ቤት ውስጥ ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን አልደበቁም፤ እኔም አልደበቅሁም።

ሌላም አለ። በ2019 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነበር። ኮከቡ «ቡና» ተባለ፤ ፕላኔቱ «አቦል»። ኮከቡ ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ በባዶ ዓይን አይታይም፤ ለመለስተኛ ቴሌስኮፕ ግን አያስቸግርም። «እና እንዴት አላሳዩንም?» አሉ እትዬ፣ የምር ቅር ብሏቸው። እውነታቸውን ነው። ቡናን ማየት የሚያስችል ቴሌስኮፕ ያላየ ኢትዮጵያዊ ልጅ ብዙ ነው።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከግሪፊዙ ዛይስ ጋር ሲነጻጸር እያንዳንዱ ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። በዋነኝነት የተሠሩት ለምርምርና ለትምህርት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ተመራማሪ የሌለው አገር ሌላው ያየውን ብቻ እያነበበ ይኖራል። ግሪፊዝ ላይ ቆሜ የተመኘሁት ግን በአጠገባቸው አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ የጉለሌ ተማሪ፣ ከሱሉልታ ለገበያ የመጣ ገበሬ ማታ ተራ ይዞ የሚያይበት፤ ዛይስ ባይሆንም የሚበቃ። እንጦጦ በእግር የሚወጣ ተራራ ነው፤ ሕዝቡ መንገዱን ያውቀዋል፣ ለማርያምም ለራጉኤልም ይወጣዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ላይ የእሳት ቀለበት ሆና ስትጋረድ ስንት ሰው ቀና ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ፍላጎቱ አለ። ሰማዩም አለ፣ ያውም የሰሜኑም የደቡቡም። የቀረው የሚከፈት በርና በየሳምንቱ አንድ ምሽት በሩ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ግሪፊዝ ላይም ቴሌስኮፑ የሕዝብ የሆነው አንድ ሰው በየምሽቱ መሰላሉን ስለሚያስተካክል ነው።

ማታ አራት ሰዓት ሲቀርብ ተነሣን። የእግር መንገዱ በጨለማ አይኬድበትም፤ ዳሽ የተባለው የከተማ አውቶቡስ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ቨርሞንትና ሰንሴት ባቡር ጣቢያ ያወርዳል። እትዬ ገና እንደተቀመጡ ስልካቸውን አወጡ። የጠዋቱን ጉዞ መሪ ለሆኑት ጓደኛቸው ነው የደወሉት።

«ሰማሽ? የሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት ቀርቷል። ማታ ነው የምንወጣው። ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ማክሰኞ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምረን በእግራችን ወጥተን፣ በአውቶቡስ እንወርዳለን። አይ፣ ምንም አይከፈልም። ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ልጆቹንም ይዘው ይምጡ። ላዩ ነፋስ ነው፣ ጋቢ ያዢ። ጾም ስለሚሆን ቆሎ እኔ አመጣለሁ።»